ጊትሃብ

ጊትሃብ የሶፍትዌር ባለሙያዎች ኮድ በጋራ የሚጽፉበት፣ የሚያስቀምጡበትና የሚገመግሙበት የኢንተርኔት አገልግሎት ነው። የሚያስተዳድረው ዋና መሥሪያ ቤቱ ሳን ፍራንሲስኮ፣ ካሊፎርኒያ የሚገኘው ተመሳሳይ ስም ያለው ኩባንያ ሲሆን፣ ኩባንያው ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የማይክሮሶፍት ንብረት ነው። የተጠቃሚዎቹ ቁጥር 100 ሚሊዮን መድረሱ በጃንዋሪ 2023 እ.ኤ.አ. ተገልጿል። ስሙ ብዙ ጊዜ ከጊት ጋር ይምታታል። ጊት ማንም ሰው ኮምፒዩተሩ ላይ በነጻ የሚጭነው ፕሮግራም ነው፤ ጊትሃብ ደግሞ በዚያ ፕሮግራም ላይ የተገነባ የአንድ ኩባንያ አገልግሎት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በተለይ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ይታያል።

አመሠራረት

ጊትን የጻፈው የሊኑክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ ነው። የሊኑክስ ገንቢዎች ቢትኪፐር የተባለውን የአንድ የግል ኩባንያ ፕሮግራም በነጻ ይጠቀሙ ነበር። በ2005 እ.ኤ.አ. የነጻ ፈቃዱ ሲነሣ ቶርቫልድስ የራሱን መሣሪያ ሠራ። ከዚያ በፊት በነበሩት እንደ ሰብቨርዥን ባሉ ሥርዓቶች የኮዱ ሙሉ ታሪክ የሚቀመጠው በአንድ ማዕከላዊ ሰርቨር ላይ ነበር። በጊት ግን ኮዱን የገለበጠ ሁሉ ታሪኩንም አብሮ ይገለብጣል።

ጊት ጠንካራ ቢሆንም ለጀማሪ አስቸጋሪ ነበር፤ ሰዎች እርስ በርስ የሚገናኙበት ስፍራም አልነበረውም። ቶም ፕሬስተን-ወርነር፣ ክሪስ ዋንስትራትና ፒ. ጄ. ሃየት ይህን ለመሙላት በ2007 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሥራ ጀምረው በኤፕሪል 2008 እ.ኤ.አ. አገልግሎቱን ለሕዝብ ከፈቱ። ስኮት ቻኮንም ከመሥራቾቹ ጋር ይቆጠራል። ኩባንያው እስከ 2012 እ.ኤ.አ. ድረስ ከውጭ ባለሀብት ገንዘብ ሳይወስድ በራሱ ገቢ ቆየ፤ በዚያ ዓመት አንድሪሰን ሆሮዊትዝ የተባለው የኢንቨስትመንት ድርጅት 100 ሚሊዮን ዶላር አፈሰሰበት።

አሠራር

የአንድ ፕሮጀክት ኮድ ከነታሪኩ የሚቀመጥበት ማኅደር ሪፖዚቶሪ ይባላል። ለምሳሌ ቁስቋም አካባቢ የሚኖር አንድ ተማሪ ቀን ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ወደ ጎርጎርዮስ የሚቀይር ኮድ ጊትሃብ ላይ አገኘ እንበል። ኮዱ ጳጉሜን ሁልጊዜ 5 ቀን አድርጎ ይቆጥራል። በዘመነ ሉቃስ፣ ማለትም ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ፣ ጳጉሜን 6 ቀን ስለምትሆን የጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ልደት በዚህ ኮድ ሲሰላ ይሳሳታል። ተማሪው የፕሮጀክቱ አባል ስላልሆነ ኮዱን በቀጥታ መለወጥ አይችልም። በመጀመሪያ ሪፖዚቶሪውን ወደ ራሱ አካውንት ይገለብጣል፤ ይህ ፎርክ ይባላል። ከዚያ ወደ ኮምፒዩተሩ ያወርደዋል፣ ብራንች የተባለ የጎን መሥመር ይከፍትና ስህተቱን ያርማል። እርማቱንም ምን እንደለወጠ ከሚገልጽ አጭር ማስታወሻ ጋር ይመዘግባል፤ ይህ ምዝገባ ኮሚት ይባላል። በመጨረሻ ለባለቤቶቹ ፑል ሪኩዌስት፣ ማለትም «ይህን ለውጥ ተቀበሉኝ» የሚል ጥያቄ ይልካል። እነሱም ለውጡን መስመር በመስመር አይተው አስተያየት ይሰጣሉ፤ ከተስማሙ ከዋናው ኮድ ጋር ያዋህዱታል። ከዓመታት በኋላ ያቺን መስመር ማን፣ መቼና ለምን እንደለወጣት ማንም አንባቢ ማየት ይችላል።

ታሪክ የማይጠፋ መሆኑ ጉዳትም አለው። ጀማሪዎች የዳታቤዝ የይለፍ ቃል ከኮዱ ጋር ወደ ይፋዊ ሪፖዚቶሪ ይልካሉ፤ ፋይሉን ቢሰርዙት እንኳ ቃሉ በቀደሙት ኮሚቶች ውስጥ ይቀራል። መፍትሔው የይለፍ ቃሉን ወዲያውኑ መቀየር ነው። ሌላው የተለመደ ስህተት ጊትሃብ ላይ የሚታይ ኮድ ሁሉ እንደፈለጉ የሚወሰድ ነው ብሎ ማሰብ ነው። ፈቃድ ያልተጻፈበት ኮድ የቅጂ መብቱ እንደ ተጠበቀ ነው፤ ክፍት ምንጭ የሚባለው ባለቤቱ ይህን የሚፈቅድ ፈቃድ ሲያያይዝበት ብቻ ነው።

በማይክሮሶፍት ሥር

ማይክሮሶፍት ጊትሃብን በ7.5 ቢሊዮን ዶላር አክሲዮን እንደሚገዛ በጁን 2018 እ.ኤ.አ. አስታወቀ፤ ግዢውም በኦክቶበር ተጠናቀቀ። ማይክሮሶፍት ለዓመታት የክፍት ምንጭ ተቀናቃኝ ሆኖ ይታይ ስለነበር አንዳንድ ገንቢዎች ሥራቸውን ወደ ጊትላብ አዛወሩ። በአንጻሩ ቀድሞ ይከፈልበት የነበረው የግል ሪፖዚቶሪ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነጻ ሆነ። ለተማሪ ይህ ትልቅ ለውጥ ነበር።

ኩባንያው ለአሜሪካ ሕግ ተገዢ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. በማዕቀብ ምክንያት በኢራን፣ በሶሪያና በክሪሚያ የሚገኙ ተጠቃሚዎች አንዳንድ አገልግሎቶች ተዘጉባቸው፤ ለኢራን ገንቢዎች አገልግሎቱ እንደገና የተከፈተው በ2021 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ መንግሥት ልዩ ፈቃድ ከተገኘ በኋላ ነው። በዚያው ዓመት ከኦፕንኤአይ ጋር የተሠራው ኮፓይለት የተባለ ኮድ ጻፊ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ለሙከራ ቀረበ። ኮፓይለት የሠለጠነው በይፋዊ ኮድ በመሆኑ የፈቃድ ግዴታዎች አልተከበሩም የሚል ክስ በ2022 እ.ኤ.አ. ቀርቦበታል።

በኢትዮጵያ

ኢትዮጵያ ውስጥ ጊትሃብ ከገንቢዎች ባሻገር ስሙን ሰምቶ የማያውቀውንም ሰው ይነካል። የፋይዳ ብሔራዊ መታወቂያ የተገነባበት ሞሲፕ፣ እንዲሁም ጤና ሚኒስቴር የጤና መረጃ የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2 ኮዳቸው ጊትሃብ ላይ ይገኛል። የመጀመሪያው ከህንድ ባንጋሎር፣ ሁለተኛው ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የመጡ ክፍት ምንጭ ሥራዎች ናቸው። በ2013 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የተመሠረተው አይኮግ ላብስም ኮዱ እዚያው በሚገኘው ኦፕንኮግ በተባለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮጀክት ላይ ሠርቷል።

ለግዕዝ ፊደልም ጠቃሚ ስፍራ ነው። ኪይማን የተባለው የመተየቢያ ፕሮግራም ከአማርኛ ኪቦርዶቹ ጋር፣ አቢሲኒካ የተባለው ፎንትና የኖቶ ፎንቶች የግዕዝ ክፍል እዚያ ይገኛሉ። የአፍሪካ ቋንቋዎች ተመራማሪዎች ስብስብ የሆነው ማሳካኔ በ2021 እ.ኤ.አ. ያወጣው የሰው፣ የቦታና የድርጅት ስሞች ምልክት የተደረገባቸው ጽሑፎች ስብስብም አማርኛን ጨምሮ የአሥር ቋንቋዎች መረጃ ይዟል።

ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ተዘግቶ ነበር፤ በትግራይና በአማራ ክልሎችም በጦርነቱ ወቅት ከዚያ እጅግ የረዘሙ መቋረጦች ነበሩ። እንዲህ ባለ ጊዜ ጊት አይቆምም። ኮዱ ከነታሪኩ ኮምፒዩተሩ ላይ ያለው ሰው ብራንች መክፈት፣ ኮሚት ማድረግና የድሮ ለውጦችን መመርመር ይችላል፤ ሪፖዚቶሪውንም በፍላሽ ዲስክ ለባልደረባው ማቀበል ይችላል። የሚቆመው ኩባንያው በላዩ የጨመረው ነው፦ ፑል ሪኩዌስቱ፣ በለውጡ ላይ የተደረገው ውይይት፣ የስህተት ሪፖርቱ፣ የአባላት ፈቃድ። እነዚህ በጊት ታሪክ ውስጥ ስለማይካተቱ ከኮዱ ጋር አብረው አይገለበጡም፤ ከፈለጉም ለብቻቸው ማውረድ ያስፈልጋል። ጊትላብና ጊቲ የተባሉት ክፍት ምንጭ አማራጮች በተቋሙ ግቢ ውስጥ በራስ ሰርቨር ላይ ሊተከሉ ስለሚችሉ የውጭ መስመር ቢዘጋም በውስጥ ኔትወርክ ይሠራሉ፤ መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል መጠባበቂያ ኃይልና ሰርቨሩን የሚከታተል ሰው ግን ያስፈልጋቸዋል።