በአውትዶር ሪክሬሽንና በመምህርነት ጥምር ዲግሪ መማር፦ በቪክቶሪያ ለሚኖሩ አመልካቾች የተዘጋጀ መረጃ

ይህ መረጃ በአውስትራሊያ የቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት ለሚኖሩ፣ በተፈጥሮ ሥፍራ የሚሰጥ ትምህርትን ከሁለተኛ ደረጃ መምህርነት ጋር አጣምረው ለመማር ለሚያስቡ አመልካቾችና ለወላጆቻቸው የቀረበ ነው። ከማመልከትዎ በፊት ሊያውቁት የሚገባው ዋናው ነገር የሚከተለው ነው፦ የአውትዶር ሪክሬሽን ዲግሪ ብቻውን በትምህርት ቤት ለማስተማር አያበቃም። የመምህርነት ምዝገባ የሚያስገኘው በጥምር ዲግሪው ውስጥ የሚገኘው፣ ዕውቅና የተሰጠው የመምህርነት ሥልጠና ነው።

የትምህርቱ ይዘት

አውትዶር ሪክሬሽን የእግር ጉዞን፣ የታንኳ ቀዘፋን፣ የዓለት መውጣትንና በድንኳን ማደርን የመሳሰሉ በተፈጥሮ ሥፍራ የሚካሄዱ እንቅስቃሴዎችን የማቀድና የመምራት ሙያ ነው። ስያሜው መዝናናትን ቢያመለክትም ትምህርቱ እንደ ሽርሽር ሊታይ አይገባም። ተማሪው ካርታና ኮምፓስ መጠቀምን፣ የአየር ጠባይ ትንበያን ማገናዘብን፣ የአደጋ ሥጋትን አስቀድሞ መመዘንንና ከሕክምና ተቋም በራቀ ቦታ የመጀመሪያ ርዳታ መስጠትን ይማራል። ከዚህም ጋር ሥነ ምህዳርን፣ የአካባቢ ጥበቃን እንዲሁም የአገሩ ነባር ሕዝቦች ከመሬታቸው ጋር ያላቸውን ትስስር ያጠናል። የመስክ ትምህርቱ ጋሪወርድ በሚል ነባር ስሙም በሚጠራው የግራምፒያንስ ተራራማ ሥፍራ፣ በማሪ ወንዝ ወይም 1,986 ሜትር ከፍታ ያለው የቦጎንግ ተራራ በሚገኝበት የአልፕስ አካባቢ ሊካሄድ ይችላል።

በቪክቶሪያ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ፣ ማለትም በቪ.ሲ.ኢ.፣ «የአውትዶርና የአካባቢ ጥናት» ራሱን የቻለ፣ በዓመቱ መጨረሻ የጽሑፍ ፈተና የሚሰጥበት የትምህርት ዓይነት ነው። ስለዚህ መምህሩ ተማሪዎቹን በመስክ ከመምራት በተጨማሪ ለዚሁ ፈተና ያዘጋጃል።

ኃላፊነቱም ከባድ ነው። መምህሩ የሌሎችን ልጆች ከወላጆቻቸው ርቆ ይዞ ይወጣል። ከእ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 2022 ጀምሮ በአውስትራሊያ የሰደድ እሳት ሥጋት መካከለኛ፣ ከፍተኛ፣ እጅግ ከፍተኛ እና አውዳሚ በሚሉ አራት ደረጃዎች ይገለጻል። ወራት የፈጀ ዝግጅት የተደረገበትን ጉዞ በሥጋት ምክንያት መሰረዝ ወይም ከመንገድ መመለስ የሙያው አንድ አካል ነው።

ሁለቱ የመማሪያ መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ ጥምር ዲግሪው ነው። ሁለቱ ትምህርቶች ጎን ለጎን የሚሰጡ ሲሆን፣ በሙሉ ጊዜ ቢያንስ 4 ዓመት ይወስዳል። በመምህራን ሥልጠና ብሔራዊ መመዘኛ መሠረት በዚህ ደረጃ የሚማር ሰው ቢያንስ 80 ቀን በትምህርት ቤት የማስተማር ልምምድ ማድረግ ይኖርበታል።

ሁለተኛው መንገድ በቅድሚያ የመጀመሪያ ዲግሪ አግኝቶ፣ ቀጥሎ የመምህርነት ማስተርስ መማር ነው። ማስተርሱ አብዛኛውን ጊዜ 2 ዓመት የሚወስድ ሲሆን፣ የልምምዱ ጊዜ ቢያንስ 60 ቀን ነው። ከኢትዮጵያ በስፖርት ሳይንስ፣ በጂኦግራፊ ወይም በባዮሎጂ ዲግሪ ይዘው የመጡ አመልካቾች እንደገና ከመጀመሪያ ዲግሪ ከመነሳታቸው በፊት ይህ መንገድ ይፈቀድላቸው እንደሆነ ዩኒቨርሲቲውን እንዲጠይቁ ይመከራል። የዲግሪውና የውጤት ማስረጃው ቅጂ አብሮ መቅረብ ይኖርበታል።

ሁለተኛ የማስተማሪያ ትምህርት ስለ መምረጥ

የአውትዶር ትምህርት በሁሉም ትምህርት ቤቶች አይሰጥም። በሚሰጥባቸውም ቢሆን የአንድን መምህር ሙሉ የሥራ ጊዜ ላይሸፍን ይችላል። በመሆኑም እንደ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ጂኦግራፊ ወይም የጤናና የሰውነት ማጎልመሻ ያለ ሁለተኛ የማስተማሪያ ትምህርት መያዝ ሥራ የማግኘት ዕድልን ያሰፋል። በብሔራዊው መመዘኛ ዋናው የማስተማሪያ ትምህርት ቢያንስ የአንድ ዓመት ሦስት አራተኛ፣ ሁለተኛው ደግሞ ቢያንስ የግማሽ ዓመት የሙሉ ጊዜ ጥናት ሊኖረው ይገባል። በዘፈቀደ የተመረጡ ኮርሶች ይህን መጠን ላያሟሉ ስለሚችሉ፣ ምርጫዎን በመጀመሪያው ዓመት ከዩኒቨርሲቲው አማካሪ ጋር ያረጋግጡ።

የመግቢያ መስፈርት

የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የሚያመለክቱት በቪክቶሪያ የከፍተኛ ትምህርት መግቢያ ማዕከል፣ በቪታክ፣ በኩል ነው። ዩኒቨርሲቲዎች የእንግሊዝኛ ቋንቋ ውጤት ይጠይቃሉ፤ ለዚህም መደበኛው እንግሊዝኛ ወይም እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ለሆነ ተማሪዎች የተዘጋጀው ትምህርት ያገለግላል። የገንዘብ ችግር፣ የቤተሰብ ችግር ወይም ሌላ መሰናክል በትምህርቱ ላይ ተጽዕኖ ያሳደረበት ተማሪ በቪታክ ልዩ የመግቢያ ዕድል ማመልከት ይችላል። ማመልከቻው ከዩኒቨርሲቲ ምርጫው የተለየ በመሆኑ ራሱን ችሎ መሞላት አለበት።

ከመግቢያው በኋላ የሚከተሉት ይጠበቃሉ፦

• ከልጆች ጋር ለመሥራት የሚያስፈልገው የማጣሪያ ፈቃድ፤ ያለዚህ ፈቃድ የትምህርት ቤት ልምምድ አይጀመርም።
• «ላንታይት» የተባለው የንባብና የስሌት ፈተና። ሁለት ክፍሎች ያሉት ሲሆን፣ እያንዳንዱ ክፍል 65 ጥያቄዎችና 120 ደቂቃ አለው። ከመመረቅ በፊት ሁለቱንም ማለፍ ግዴታ ነው። አማርኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የሆነ ተማሪዎች ዝግጅቱን ለመጨረሻው ዓመት እንዳያቆዩት ይመከራል።
• ለውኃ ላይ ትምህርት የሚያስፈልግ የዋና ችሎታ። ዋና የማይችሉ ከሆነ ሳያፍሩ አስቀድመው ይንገሩ፤ ከመስክ ትምህርቱ በፊት ለመማር ጊዜ ያገኛሉ።

ክፍያና የመንግሥት ድጋፍ

የሚከፍሉት ገንዘብና የሚያገኙት ብድር በመኖሪያ ፈቃድዎ ዓይነት ይወሰናል።

• የአውስትራሊያ ዜጎችና ቋሚ የሰብዓዊ ቪዛ ያላቸው ነዋሪዎች መንግሥት በሚደጉመው ቦታ ሲማሩ፣ ድርሻቸውን «ሄክስ-ሄልፕ» በተባለው ብድር መሸፈን ይችላሉ።
• እንደ ቤተሰብ ወይም የሠለጠነ ባለሙያ ቪዛ ያለ ሌላ ቋሚ ቪዛ ያላቸው ሰዎች የተደጎመ ቦታ ማግኘት ቢችሉም፣ በአብዛኛው ብድሩን አያገኙም፤ ድርሻቸውን በቅድሚያ ይከፍላሉ። ዜግነት ካገኙ ከዚያ በኋላ ለሚወስዷቸው ኮርሶች ብድሩን መጠየቅ ይችላሉ።

የተማሪው ድርሻ የሚሰላው በዲግሪው ስም ሳይሆን በእያንዳንዱ ኮርስ ነው። የመምህርነት ኮርሶች በዝቅተኛው የክፍያ መደብ ውስጥ ይገኛሉ፤ በጥምር ዲግሪው ውስጥ ያሉ ሌሎች ኮርሶች ግን ከዚያ የበለጠ ሊያስከፍሉ ይችላሉ። ብድሩ ወለድ የለውም፤ ሆኖም በየዓመቱ ከኑሮ ውድነት ወይም ከደመወዝ ዕድገት ጋር ተያይዞ ይስተካከላል። በ2025–26 የበጀት ዓመት የግዴታ ክፍያ የሚጀምረው የዓመት ገቢ ከ67,000 የአውስትራሊያ ዶላር ሲበልጥ ነው።

አንድን ኮርስ ለማቋረጥ ከወሰኑ፣ ዩኒቨርሲቲው ከሚያሳውቀው የመጨረሻ የማቋረጫ ቀን በፊት በጽሑፍ ያመልክቱ። ክፍል መቅረት ብቻውን ምዝገባን አይሰርዝም፤ ከዕለቱ ካለፈ ዕዳው በተማሪው ላይ ይጸናል።

ለኑሮ ድጋፍ ዕድሜያቸው እስከ 24 ዓመት የሆኑ ተማሪዎች የወጣቶች አበል፣ 25 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑት ደግሞ ኦስተዲ የተባለውን አበል ከሴንተርሊንክ መጠየቅ ይችላሉ። አዲስ ለመጡ ቋሚ ነዋሪዎች በአጠቃላይ የ4 ዓመት የመጠበቂያ ጊዜ አለ፤ ስደተኞችና የሰብዓዊ ቪዛ ያላቸው ሰዎች ከዚህ ነፃ ናቸው። ከእ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ መስፈርቱን የሚያሟሉ የመምህርነት ተማሪዎች በግዴታ ልምምድ ላይ ባሉባቸው ሳምንታት የፌዴራል መንግሥቱን የልምምድ ክፍያ ማግኘት ይችላሉ።

ስለ ጊዜና ስለ ቤተሰብ

የዚህ ዲግሪ ተማሪ ከትምህርት ቤት ልምምዱ በተጨማሪ ለበርካታ ቀናት ከቤት ርቆ በመስክ ያድራል። ሥራ ያላቸው፣ ልጅ የሚያሳድጉ ወይም ወላጅ የሚጦሩ አመልካቾች የዓመቱን የመስክ ጉዞ መርሐ ግብር አስቀድመው መጠየቅ ይኖርባቸዋል። የጉዞ ክፍያ፣ የተራራ ጫማ፣ የዝናብ ልብስና የመኝታ ከረጢት ተጨማሪ ወጪ ያስከትላሉ። ከመግዛትዎ በፊት ዩኒቨርሲቲው የሚያውሰውን ዕቃ ዝርዝር ያግኙ።

ከምረቃ በኋላ

ተመራቂው በቪክቶሪያ የመምህራን ኢንስቲትዩት ጊዜያዊ ምዝገባ ያገኛል። ከዚያም በሥራ ላይ ሆኖ የሙያ መመዘኛውን ማሟላቱን በማስረጃ ሲያረጋግጥ ወደ ሙሉ ምዝገባ ይሸጋገራል። ያለ ምዝገባ ወይም ያለ ልዩ ፈቃድ በትምህርት ቤት ማስተማር አይቻልም። የመምህርነቱን ክፍል ሳያጠናቅቅ በአውትዶር ሪክሬሽን ብቻ የተመረቀ ሰው በካምፕ፣ በጉዞ መሪነት ወይም በመናፈሻ ሥራ ሊሰማራ ይችላል፤ መምህር ለመሆን ግን ሁለተኛውን መንገድ መከተል ይኖርበታል።

ቦታውን ከመቀበልዎ በፊት የሚያረጋግጧቸው ነጥቦች

1. የትምህርት መርሐ ግብሩ ለመምህርነት ምዝገባ ዕውቅና ያለው መሆኑን፤
2. ሲመረቁ የትኞቹን ሁለት ትምህርቶች ለማስተማር ብቁ እንደሚሆኑ፤
3. በመኖሪያ ፈቃድዎ ብድር ማግኘት መቻልዎን፤
4. የመስክ ጉዞዎችን ብዛት፣ ቀንና ወጪ፤
5. ትምህርቱን ካቋረጡ የትኛው ዲግሪ በእጅዎ እንደሚቀር።

የመጀመሪያውን ነጥብ በዩኒቨርሲቲው ማስታወቂያ ላይ ብቻ ተመሥርተው አይለፉ፤ ከመምህራን ኢንስቲትዩቱ የዕውቅና ዝርዝር ጋር ያመሳክሩ። በአማርኛ አስተርጓሚ ለማነጋገር በስልክ ቁጥር 131 450 ወደ ብሔራዊ የትርጉምና የአስተርጓሚ አገልግሎት በመደወል ከሚፈልጉት መሥሪያ ቤት ጋር እንዲያገናኙዎት ይጠይቁ።