አድፋጭ ፍጆታ

ገርጂና ሰሚት አካባቢ፣ ባለቤትና ተከራይ አንድ ቆጣሪ በሚጋሩበት ግቢ፣ የመብራት ሂሳብ ሲንር ቀድማ የምትጠረጠረው እንጀራ የምትጋግረው የሰርቪስ ቤት ተከራይ ናት። ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ስለሚስብ ከመሬት ተነስቶ የመጣ ጥርጣሬ አይደለም። ግን ምጣድ በሳምንት ቢጣድ አንዴ ወይ ሁለቴ ነው። ሌት ተቀን የሚስበውንስ ማን ይጠይቀው?

ፈረንጆቹ «ፋንተም ሎድ» ይሉታል። «የመናፍስት ጭነት» ብንለው ነገሩ ጠበል ያስኬዳል። «ስውር ፍጆታ» ይሻል ነበር፤ ሆኖም ከቆጣሪ የሚሰወር የለም። እኔ «አድፋጭ ፍጆታ» እላለሁ። በሪሞት የጠፋ ቴሌቪዥን አልተኛም፣ ትእዛዝ እየጠበቀ አድፍጧል። ሪሲቨሩም እንደዚያው። 10 ዋት ኢምንት ይመስላል፤ 24 ሰዓት ለ30 ቀን ሲስብ ግን 7.2 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል፤ ታሪፋችን ደግሞ በእርከን ነው። ዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ በ1999 እ.ኤ.አ. አድፋጭ ዕቃ ከ1 ዋት በላይ እንዳይስብ ሐሳብ ያቀረበው በዚሁ የተነሳ ነው።

ቃሉን ለሰፈራችን ትንሽ ላስፋው። ቦሌ ውስጥ ዋናው አድፋጭ ሻወር ቤት የተሰቀለው ቦይለር ነው፤ ማንም ሳይታጠብ፣ ውሃው በቀዘቀዘ ቁጥር ራሱ እየተነሳ ያሞቀዋል። በቀን 1 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ በዚህ ብቻ ይሄዳል። ቀጥሎ ፓምፑ። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሮቶና ፓምፕ የሌለው ግቢ ጥቂት ነው፤ የሽንት ቤቱ ተንሳፋፊ በደንብ ካልዘጋ ግፊቱ ይወርድና ፓምፑ ሌሊቱን ሙሉ ይነሳል፣ ያርፋል፣ ይነሳል። ሰው የሚያማርረው ድምፁን ነው።

አድፋጩን ለመያዝ፣ ምጣድ ባልተጣደበት ማታ ሁሉንም እንደ ልማዳችሁ አጥፉ፤ ፍሪጁን ግን ንቀሉት። ከዚያ ቆጣሪው ላይ ብልጭ የምትለዋን ቀይ መብራት በስልክ ሰዓት ለኩ። ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 1000 ጊዜ የሚበልጭ ቆጣሪ ከሆነ፣ በሁለት ብልጭታ መካከል 36 ሰከንድ ማለት 100 ዋት፣ 18 ሰከንድ ማለት 200 ዋት ነው። ብሬከሮቹን አንድ በአንድ እያወረዳችሁ ብልጭታው የሚዘገይበትን ፈልጉ። ሁሉም ወርዶ ብልጭታው ካልቆመ፣ ከቆጣሪው እስከ ብሬከሩ ባለው መስመር ላይ የተቀጠለ ሽቦ ሊኖር ስለሚችል ባለሙያ ጥሩ እንጂ ሽቦ አትነካኩ።