ወደ ላይ የወጣው ፏፏቴ

በ1910ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ የተከፈተውን ሲኒማ ቤት ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» አለው። ግድግዳ ላይ የሚንቀሳቀስ ምስል የሰው ሥራ አልመሰለውም ነበርና። ስሙም እስከ ዛሬ ይነሣል።

ከሰባ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እኛ የኮልፌ ልጆች አጠና ተራ አካባቢ፣ መስኮቱ በማዳበሪያ ከረጢት በተከለለ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጠጋግተን በ1989 ዓ.ም. የወጣውን «አናኮንዳ» አየን። የገባነው ልንፈራ ነበር። ዘንዶው ሲጮህ ግን አንዱ «ጉሮሮውን አሞታል!» አለ፤ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ጀልባዋ ስትሄድ ደግሞ ከኋላዋ ያለው ፏፏቴ ሽቅብ ሲወጣ ታየን። ለካስ ፊልሙን ወደ ኋላ አጫውተውት ኖሯል!

በአሜሪካ «ሚስተሪ ሳይንስ ቲያትር 3000» የተባለ የቴሌቪዥን ዝግጅት ከ1981 ዓ.ም. ጀምሮ በመጥፎ ፊልሞች ላይ መሳለቅን ሥራዬ ብሎ ይዞት ነበር። እኛ ግን ይህን አናውቅም፤ የነበረን አግዳሚያችን ብቻ ነው።

ዛሬ ሳስበው ያ ሳቅ እንዲያው ቀልድ አልነበረም። ፏፏቴው ሽቅብ መውጣቱን ያስተዋለ ልጅ፣ ከምስሉ ጀርባ ካሜራ የያዘ ሰው እንዳለ ደርሶበታል። የቀደሙት ለሰይጣን የሰጡትን ሥራ እኛ እየሳቅን ለሰው መለስነው።