እንደራሴ

ቃሉ ሲፈታ «እንደ ራሴ» ነው፤ ተናጋሪው ሿሚው ነው፤ «የላክሁትን ሰው እንደ እኔ ቍጠሩት» ማለቱ ነው። በጎንደር ግን ነገሩ ተገለበጠ። ራስ ሚካኤል ስሑል በ1761 ዓ.ም. ዐፄ ኢዮአስን ካስገደሉ ወዲህ እንደራሴው ሿሚ፣ ንጉሡ ተሿሚ ሆኑ። የየጁዎቹ ራሶች ከደብረ ታቦር ያዝዛሉ፤ ንጉሡ በፋሲል ግቢ ስም ይዘው ይቀመጣሉ። ለቅኔ ወዳጅ ሰሙ «እንደ እኔ»፣ ወርቁ «እንደ ራስ ዓሊ» ቢሆን ያስኬዳል! ይህም እስከ አይሻል ጦርነት፣ እስከ 1845 ዓ.ም. ዘለቀ።

በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽና እንደራሴ ተባሉ፤ ኋላም ነገሡ። በእሳቸው ዘመን፣ ከ1948ቱ ሕገ መንግሥት በኋላ፣ ሕዝብ የመረጠው የምክር ቤት አባል «እንደራሴ» ተባለ፤ «ራሴ» ባዩ ሕዝብ ሆነ ማለት ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት «ተወካይ» አለ። ትክክል ነው፤ ለእኔ ግን የሿሚው ድምፅ የሚሰማው በአሮጌው ቃል ውስጥ ነው።