በየት በኩል እንግባ? የዳሌ ቀዶ ሕክምና ታሪክ



ሺሺንዳ ሳስተምር ጎረቤቴ የነበሩ አባት ቀፎ ሊሰቅሉ ዛፍ ወጥተው ወደቁ። "ውልቃት ነው" ተባለ። ሮጬ ወጌሻ የጠራሁት እኔ ነኝ። ታሹ፣ ቤት ተኝተው ከረሙ፤ እግራቸው አጥሮ በምርኩዝ ቀሩ። ኋላ በራጅ ሲታይ የተሰበረው የጭን አጥንት አንገት ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ ዳሌ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ።

የዳሌ መገጣጠሚያ በትልልቅ ጡንቻዎች ውስጥ የተቀበረ ነው። ስለዚህ የቀዶ ሐኪሞች ክርክር "ምን እንሥራ?" ብቻ ሳይሆን "በየት በኩል እንግባ?" የሚልም ነበር። ቦስተን ይሠራ የነበረው ስሚዝ-ፒተርሰን እ.ኤ.አ. በ1917 ከፊት፣ በጡንቻዎች መካከል የሚያስገባውን መንገድ ጻፈ። አሜሪካዊው ኦስቲን ሙር በ1950ዎቹ ከኋላ መግባትን አስለመደ። መንገዱ ለሐኪሙ ይቀላል፤ የተተካው ዳሌ ወደ ኋላ እንዳይወልቅ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል።

እንግሊዛዊው ጆን ቻርንሊ በጎን ሲገባ ጡንቻ የተያያዘበትን የአጥንት ጉብታ ቆርጦ ያነሳና ሲጨርስ በሽቦ ያስረዋል። እኔ ግን ሰውየውን የምወደው ስህተቱን ስላልደበቀ ነው። መጀመሪያ ጎድጓዳውን በቴፍሎን ሠራ። ሕመምተኞቹ ደስ አላቸው፤ በጥቂት ዓመት ውስጥ ግን ቴፍሎኑ ተፍቆ አለቀ፣ ዙሪያውንም አበላሸ። ከዚያ ቴፍሎኑንና ፖሊኢትሊን የተባለውን ሌላ ፕላስቲክ በገዛ ጭኑ ውስጥ ከትቶ ሞከረ። ቴፍሎኑ ሰውነቱን አስቆጣ፤ ፖሊኢትሊኑ ምንም አላለውም። በ1962 በእሱ የጀመረው ዳሌ ለዛሬው መሠረት ሆነ። በ1982 ደግሞ ሃርዲንጅ አጥንቱን ሳይቆርጡ በጎን መግባት እንደሚቻል ጻፈ።

ይሄ ሁሉ በር የሚጠቅመው ግን ሰውየው በጊዜ ከደረሰ ነው። የጭን አጥንት ራስ ደም የሚያገኘው በአብዛኛው አንገቱን ተከትለው በሚወጡ ቀጫጭን የደም ሥሮች ነው። አንገቱ ተሰብሮ ቦታውን ከለቀቀ ሊበጠሱ ይችላሉ፤ ደም ያጣ አጥንት ደግሞ ይሞታል።

ወጌሻ መናቄ አይደለም፤ የወለቀ ጣቴን የመለሱልኝ እነሱ ናቸው። የዳሌ ስብራት ግን በእሽት አይቃናም። ወድቆ መቆም ያቃተው፣ እግሩ ያጠረና ወደ ውጭ የዞረ ሰው ካያችሁ አትሹት፣ አታስረግጡት። እግሩን ደግፋችሁ፣ በቃሬዛ አድርጋችሁ ቦንጋ ገብረጻዲቅ ሻዎ ሆስፒታል አድርሱት፤ ራጅ ይነሳ።

እኒያ አባት አንድ ቀን "ያኔ ማን ነገረን ልጄ?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። እናንተ ግን አሁን ሰምታችኋል፤ ለቤተሰብ ንገሩ።