ኦያንታይታምቦ

በደቡብ ፔሩ፣ ከኩስኮ ሰሜን ምዕራብ በኡሩባምባ ሸለቆ የሚገኝ የኢንካ ከተማና ፍርስራሽ። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ንጉሠ ነገሥቱ ፓቻኩቲ አሠራው። እርከኑን ወጥቶ የጨረሰ ጎብኚ፣ ሳያልቅ በቀረው የፀሐይ ቤተ መቅደስ ስድስት ግዙፍ ሮዝማ ድንጋዮች ተደርድረው ያገኛል፤ በመካከላቸው ቀጫጭን ድንጋዮች እንደ ሽብልቅ ገብተዋል። የተፈለጡት ከወንዙ ማዶ፣ ከካቺካታ ተራራ ነው፤ መንገድ ላይ የቀሩት ዛሬም ተጋድመው ይታያሉ። እ.ኤ.አ. በ1536 ያመፀው ማንኮ ኢንካ ሜዳውን በውኃ አጥለቅልቆ የስፔን ፈረሰኞችን ከዚህ መልሷል። አብዛኛው ቱሪስት የማቹ ፒቹን ባቡር ሊሳፈር ብቻ ያልፍበታል፤ ያስቆጫል፤ ኢንካዎች የቀየሷቸው ጠባብ መንገዶች አሁንም ሰው ይኖርባቸዋል፣ በዳራቸውም የቦይ ውኃ ይወርዳል።