እናቱ የሞተችበት የኮዋላ ግልገል እንዴት ያድጋል?

በስልካችሁ ሳታዩት አልቀራችሁም። ግራጫ፣ ጆሮው እንደ ጥጥ የተንጨፈረረ ትንሽ እንስሳ የአሻንጉሊት ድብ ጥብቅ አድርጎ አቅፏል፣ አንድ ሰው ደግሞ በሲሪንጅ ወተት ጠብ ጠብ ያደርግለታል። ሰዉ «ውይ ሲያምር!» እያለ ሼር ያደርገዋል። እኛም አድርገናል። በኋላ ግን «የዚህ ልጅ እናት የት ሄዳ ነው?» ብለን ማንበብ ስንጀምር አሻንጉሊቱ ለፎቶ ማሳመሪያ እንዳልተሰጠው ገባን። በእናቱ ቦታ የገባ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናስተካክል፤ ኮዋላ ድብ አይደለም። ልጃቸውን በሆዳቸው ላይ ባለ ከረጢት ከሚያሳድጉት፣ ከእነ ካንጋሮ ወገን ነው። የቅርብ ዘመዱ ዎምባት የሚባለው አጭርና ድብልብል እንስሳ ነው። በተፈሯዊ መኖሪያው የሚገኘው አውስትራሊያ ውስጥ ብቻ ነው፣ ያውም በምስራቅና በደቡብ ምስራቅ በኩል። ግልገሉን አውስትራሊያውያን «ጆይ» ይሉታል፣ የካንጋሮንም ልጅ በዚሁ ስም ነው የሚጠሩት።

እናትየዋ የምታረግዘው 35 ቀን ገደማ ብቻ ነው። የሚወለደው ልጅ 2 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል፣ ክብደቱም ከ1 ግራም አይበልጥም። አንድ ፍሬ ባቄላ ታውቁ የለ? እሱን ቢያክል ነው። ዓይኑ አልተከፈተም፣ ፀጉር የሚባል የለውም። የፊት እጆቹ ግን ጠንካራ ናቸው፤ በነሱ እየቧጠጠ፣ ማንም ሳይረዳው ከረጢቱ ውስጥ ይገባና ጡት ይጎርሳል። ጡቱ አፉ ውስጥ ያብጣል፣ ስለዚህ በቀላሉ አይላቀቅም። ስድስት ወር ገደማ እዛው ይቆያል። ከዛ ቀስ በቀስ ብቅ ማለት ይጀምራል፣ ቀጥሎ ጀርባዋ ላይ ይወጣል፣ ዓመት እስኪሞላው ድረስ አዝላው ትዞራለች። አንቀልባ የላትም እንጂ ነገሩ ከኛ እናቶች ብዙም አይለይም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የምታደርግ እናት በመሃል ስትሞት ነው ጣጣው የሚመጣው። የምትሞትበት ምክንያት ብዙ ነው፦ መኪና፣ ውሻ፣ በሽታ፣ የጫካ ቃጠሎ። ከሁሉም በስተጀርባ ያለው ግን የዛፉ መቆረጥ ነው። ኮዋላ ከዛፍ ወደ ዛፍ ለመሄድ መሬት ላይ መውረድ አለበት፤ በሁለቱ ዛፎች መሃል አስፋልትና ግቢ ሲገባ መኪናና ውሻ ይጠብቁታል። በመራቢያ ወቅት ደግሞ፣ ማለትም ከሴፕቴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ባሉት ወራት ገደማ፣ እንቅስቃሴያቸው ስለሚበዛ አደጋውም ይበዛል። እ.ኤ.አ. በ2019 እና 2020 የበጋ ወራት የደረሰውን ቃጠሎ የማያስታውስ የለም፣ ፎቶው ዓለምን አዳርሷል። የአውስትራሊያ መንግስት እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2022 ላይ በኩዊንስላንድ፣ በኒው ሳውዝ ዌልስና በዋና ከተማዋ ካንቤራ ግዛት የሚገኙትን ኮዋላዎች ለመጥፋት የተቃረቡ ብሎ መዝግቧቸዋል።

መንገድ ዳር የሞተች ኮዋላ ሲገኝ መጀመሪያ የሚታየው ከረጢቷ ነው። የኮዋላ ከረጢት እንደ ካንጋሮ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ታችና ወደ ውጪ ነው የሚከፈተው፤ አፉን ጭምድድ አድርጎ የሚይዝ ጡንቻ ስላለው ግን ልጁ አይወድቅም። እናት ሞታም ልጁ ውስጥ በሕይወት ሊኖር ይችላል። ታዲያ ጎትቶ ማውጣት ክልክል ነው፤ ጡቱን እንደጎረሰ ከተጎተተ ለጋ አፉ ይጎዳል። የሚመከረው እናትየዋን ከነልጇ ይዞ ሐኪም ጋር መድረስ ነው። ካልሆነ የሰለጠነ ሰው ጡቱን ከእናትየዋ በኩል ይቆርጠውና ልጁን ከነጎረሰው ያወጣዋል። ይዘገንናል፣ እናውቃለን፣ ግን ልጁን የሚያተርፈው እሱ ነው።

ከዛ ሙቀት፣ ጨለማና ጸጥታ። በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ሰው ሳይሰበሰብበት፣ ሰልፊ ሳይነሱበት ወደ ሐኪም ይሄዳል። ምግብም ውሃም አይሰጠውም። በዛ የቃጠሎ ሰሞን ሰዎች ለተጠማ ኮዋላ ከፕላስቲክ ጠርሙስ አፉ ላይ ውሃ ሲያፈሱለት የሚያሳዩ ቪዲዮዎች ተሰራጭተው ነበር። በቅንነት ነው፤ ግን ውሃው ወደ ሳንባው ሊገባና ሊገድለው ስለሚችል የእንስሳት አዳኞች በሳህን አስቀምጡለት ብለው መለመን ነበረባቸው።

አውስትራሊያ ለምትኖሩ፣ በተለይ ሜልቦርንና ሲድኒ ላላችሁ ተከታታዮቻችን፦ ቪክቶሪያ ውስጥ ዋይልድላይፍ ቪክቶሪያ፣ ኒው ሳውዝ ዌልስ ውስጥ ዋየርስ የሚባሉ ድርጅቶች ስልክ አንስተው ምን ማድረግ እንዳለባችሁ ይነግሯችኋል። የቆሰለ ትልቅ ኮዋላ ካያችሁ ደግሞ በእጃችሁ አትንኩት፣ ጥፍሩ ቀልድ አይደለም።

ግልገሉ በሐኪም ከታየ በኋላ ብዙ ጊዜ የሚያድገው ፈቃድ ባለው በጎ ፈቃደኛ ቤት ውስጥ ነው። ፀጉር ያላበቀለው የራሱን ሙቀት መጠበቅ ስለማይችል ከ30 ዲግሪ በላይ በሚሞቅ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። እውነቱን ለመናገር በጣም ትንንሾቹ አብዛኛውን ጊዜ አይተርፉም፤ ሐኪሞቹም አንዳንዴ ስቃዩን ለማሳጠር ይወስናሉ። ይሄ ቪዲዮ ላይ አይወጣም።

ወተቱ የላም ወተት አይደለም። ግልገሉ ላክቶስ የሚባለውን የወተት ስኳር በደንብ መፍጨት አይችልም፣ ተቅማጥ ይይዘዋል፤ ይህን የምታክል ነፍስ ደግሞ ተቅማጥ ቶሎ ያደርቃታል። ስለዚህ ለእንደዚህ አይነት እንስሳት ተብሎ የተሰራ ዱቄት ወተት ይበጠበጥለታል። የእናት ወተት ልጁ ባደገ ቁጥር ስለሚለዋወጥ ዱቄቱም እንደ ዕድሜው ይቀየራል። አወሳሰዱም ብልሃት ይጠይቃል፦ ልጁ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ በትንንሹ፣ በዝግታ። ከተቻኮሉ ወተቱ ሳንባ ይገባል። ትንሽ ሲሆን ሌሊትም ይመገባል፤ አሳዳጊው ደወል ሞልቶ ነው የሚተኛው። ከጠጣ በኋላ በለብ ያለ ውሃ በረጠበ ጨርቅ ከስር ይታበሳል፣ አለበለዚያ አይሸናም። እናትየዋ በምላሷ የምትሰራው ስራ ነው።

ክብደቱ በየቀኑ ይመዘገባል። አሻንጉሊቱን ካላቀፈ ስለሚረበሽ ብዙ ጊዜ አብረው ሚዛን ላይ ይወጡና የአሻንጉሊቱ ክብደት ይቀነሳል።

እስካሁን ያለው ከባድ ቢሆንም የሚገባን አይነት ነገር ነው፣ ጨቅላ ማሳደግ ነው። እኛን ያስደነቀን ቀጥሎ ያለው ነው።

ኮዋላ የሚበላው የባህር ዛፍ ቅጠል ነው። አዎ፣ የኛው ባህር ዛፍ። በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ አዲስ አበባ ማገዶ አልቆባት በነበረ ጊዜ የመጣው ዛፍ አገሩ አውስትራሊያ ነው፤ ነጭ ባህር ዛፍ የምንለውም፣ ቀይ የምንለውም ኮዋላ እዛ ከሚበላቸው ውስጥ ናቸው። ግን እስቲ አስቡት፤ ያ ጉንፋን ሲይዘን ፈልቶ የምንታጠንበት ቅጠል ነው። እንጦጦ ላይ ፍየል እንኳ ዞር ብላ አታየውም። ዘይቱ መርዝነት አለው፣ ምግብነቱም አነስተኛ ነው። ኮዋላ በቀን ከ18 ሰዓት በላይ የሚተኛው ሰንፎ ሳይሆን ቅጠሉ ለሌላ ነገር የሚተርፍ ጉልበት ስለማይሰጠው ነው።

ታዲያ እንዴት ይበላዋል? ጉበቱ መርዙን ያጣራል፤ 2 ሜትር ገደማ የሚረዝመው የአንጀቱ ክፍል ውስጥ ደግሞ ቅጠሉን የሚፈጩ ባክቴሪያዎች አሉ። ግልገሉ እነዚህን ይዞ አይወለድም። ስድስት ወር አካባቢ ሲሆነው እናትየዋ ከተለመደው ደረቅ ሰገራዋ የተለየ፣ ለስላሳና እርጥብ ነገር ታወጣለች፤ «ፓፕ» ይባላል። ልጁ እሱን ይበላል። በትክክል አንብባችኋል። ባክቴሪያዎቹን ከእናቱ የሚወርሰው በዚህ መንገድ ነው።

እናቱ ከመስጠቷ በፊት የሞተችበትስ? ወተት ጠጥቶ ሊወፍር ይችላል፤ ጫካ ገብቶ ግን ቅጠል መፍጨት አይችልም። ስለዚህ አሳዳጊዎቹ ከሌላ ጤነኛ ኮዋላ ትኩስ ሰገራ ወይም በአደጋ ከሞተ ኮዋላ አንጀት የተወሰደውን አሟሙተው በሲሪንጅ ይሰጡታል። ሰጪው ጤነኛ መሆኑ መረጋገጥ አለበት፤ ምክንያቱም ኮዋላዎችን እየጨረሰ ያለው ክላሚዲያ የሚባለው በሽታ በፓፕም ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ዓይን ያሳውራል፣ ሴቶቹን ያመክናል። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 2025 በሰንሻይን ኮስት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሰራ ክትባት ፈቃድ አግኝቷል፤ አንድ ጊዜ የሚሰጥ መሆኑ ለዱር እንስሳ ትልቅ ነገር ነው፣ ለሁለተኛ ዙር ማን ዛፍ ላይ ወጥቶ ይፈልገዋል?

ባክቴሪያው ከተገኘ በኋላ ቅጠል ፍለጋው ይጀመራል። ከ700 በላይ የባህር ዛፍ ዓይነት አለ፤ ኮዋላ የሚመርጠው ጥቂቱን ነው፣ ያውም እንደየአካባቢው። ከአንድ ዓይነት ሁለት ዛፍ እንኳ አንዱን በልቶ ሌላውን ሊተው ይችላል። የጠወለገ አይነካም። አሳዳጊው በየቀኑ ትኩስ ቅርንጫፍ ቆርጦ፣ ውሃ ውስጥ ተክሎ ያቀርባል። («እንጦጦ ላይ ማርባት አይቻልም?» ብሎ የጠየቀን ጓደኛችን መልሱን እዚህ ያገኛል።)

ትንሽ ጎልበት ሲል ከሌሎች ወላጅ አልባ ግልገሎች ጋር ዛፍ ባለበት ግቢ ይገባል። መውጣት፣ መዝለል፣ ቅርንጫፍ መምረጥ እዛ ይለማመዳል። ከዚህ በኋላ አሳዳጊዎቹ ሆን ብለው ይርቁታል፤ ማቀፍ የለም፣ ማናገር የለም። ለወራት ሌሊት ሲነሱለት ለነበሩ ሰዎች ከወተቱ ይልቅ ይሄኛው ሳይከብዳቸው አይቀርም ብለን እንገምታለን። ሰው የለመደ ኮዋላ ከሰውም ከውሻም መሸሽ አያውቅም።

ቤት ውስጥ ማሳደር የሚባል ነገርም የለም፤ የዱር ኮዋላን እንደ ድመት ማኖር በህግ የተከለከለ ነው። ማቀፍም እየቀረ ነው። ከ1927 ጀምሮ ብሪስቤን ውስጥ ያለው ሎን ፓይን የኮዋላ ማቆያ ጎብኚዎችን ኮዋላ ማሳቀፍ እ.ኤ.አ. በ2024 አቁሟል። በ2025 ደግሞ አንዲት አሜሪካዊት ለቪዲዮ ብላ የዎምባት ግልገል ከእናቱ ነጥቃ ስትሮጥ ታይታ አገር ምድሩ ተቆጥቶባት ነበር፤ ሳይቆይ አውስትራሊያን ለቃ ወጣች።

የሚለቀቀው ብዙውን ጊዜ ዓመት ተኩል ገደማ ሲሆነውና ክብደቱ ከ2 ኪሎ ሲያልፍ ነው። ጆሮው ላይ ቁጥር ይደረግለትና እናቱ በሞተችበት አካባቢ፣ ቅጠሉን በሚያውቀው ጫካ ዛፍ ስር ይቀመጣል። ጫካው እዛው ካለ፣ ማለት ነው። ካልተቆረጠ ሽቅብ ይወጣል፣ ዞር ብሎ አያይም። አንዳንዴ ከዓመታት በኋላ የጆሮዋ ቁጥር የታወቀ ሴት ኮዋላ እዛው ሰፈር ትታያለች፣ ጀርባዋ ላይ ልጅ አዝላ።